የሊዝበኑ ጣሪያ አልባ ቤተ ክርስቲያን፦ ስለ ካርሞ ፍርስራሽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«በእኛ» ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርሞ ምንድን ነው? የት ይገኛል?

በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን፣ ከሮሲዮ አደባባይ በላይ ባለው ኮረብታ አፋፍ ላይ የቆመ ጣሪያ አልባ የጎቲክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጎቲክ ሹል ቅስት የሚበዛበት የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሕንፃ ስልት ነው። የገዳም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሥራው በ1389 ተጀመረ፤ በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ፈረሰ። ከታች ከከተማው መሃል ቀና ብለው ሲያዩት ግድግዳው ሙሉ ይመስላል። በመስኮቶቹ በኩል ሰማዩ ሲታይ ነው ባዶነቱ የሚታወቀው።

ፖርቶ ከተማም ካርሞ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ስላላት ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። የፖርቶው ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ ነው፤ የጎኑ ግድግዳ በሰማያዊና በነጭ ሸክላ ሥዕል ተሸፍኗል፤ ጣሪያውም ደኅና ነው። ፍርስራሹን ፍለጋ ወደ ፖርቶ ባቡር እንዳይሳፈሩ።

ማን ነው ያሠራው?

ኑኖ አልቫሬስ ፔሬራ የሚባል የጦር አበጋዝ ነው። በ1360 ተወለደ። ፖርቱጋል ወራሽ ንጉሥ አጥታ የጎረቤቷ የካስቲል (የዛሬዋ ስፔን ክፍል) ንጉሥ ዙፋኑ ለእኔ ይገባል ብሎ በመጣ ጊዜ፣ ኑኖ ዙፋኑን ይሻ ከነበረው ከፖርቱጋላዊው ከአቪሱ ዡዋዎ ጎን ተሰለፈ። ነሐሴ ወር 1385 አልዡባሮታ ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የካስቲል ጦር ሲያሸንፉ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ዡዋዎ ዙፋኑ ጸናለት፤ ኑኖም በአገሩ ካሉ ባለ ርስቶች ሁሉ የሚልቅ ሀብት ያዘ። ካርሞን ያሠራው ለድሉ የተሳለውን ስእለት ለመክፈል እንደሆነ ይነገራል።

የኢትዮጵያ አንባቢ ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ቶሎ ይረዳዋል ብዬ አስባለሁ። ኑኖ ሚስቱ ሞታበታለች፣ አንዲት ልጁን ቤያትሪስን ለንጉሡ ልጅ ለአፎንሶ ድሯል፤ ኋላ ፖርቱጋልን የገዛው የብራጋንሳ ሥርወ መንግሥት የተገኘው ከዚህ ጋብቻ ነው። በ1423 ርስቱን ለልጅ ልጆቹና አብረውት ለዘመቱት አከፋፍሎ እሱ ራሱ ባሠራው ገዳም ገባ። ቅስናም አለቅነትም አልፈለገም፤ የገዳሙ ተራ አገልጋይ ወንድም ሆኖ ለድኾች ምግብ ሲያድል በ1431 ሞተ። ያድልበት የነበረው ድስት በዘመቻ ለወታደሮቹ ይቀቀልበት የነበረው ራሱ ነው የሚል ወግ አለ። ወጉ እውነት ይሁን አይሁን፣ ሊዝበኖች ከጦርነቶቹ ይልቅ የሚወዱት ይህን ነው።

የየትኞቹ መነኮሳት ገዳም ነበር?

የካርሜላውያን፤ ማለትም የደብረ ቀርሜሎስ ማኅበር። መነሻቸው ነቢዩ ኤልያስ ከበኣል ነቢያት ጋር የተፋጠጠበት የቀርሜሎስ ተራራ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ እዚያ በዋሻና በጎጆ ይኖሩ የነበሩ ባሕታውያን ተሰባስበው ማኅበር ሆኑ፤ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን የመስቀል ጦረኞች ይዞታ ሲጠብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። ሊዝበን የገቡት የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት በደቡብ ፖርቱጋል ካለችው ከሞውራ ነው የመጡት።

እነዚህ መነኮሳት ራሳቸውን የኤልያስ ልጆች ነን ይሉ እንደነበር ያስታውሱ። ወደ መጨረሻው፣ ስለ ዐፄ ካሌብ በሚነሣው ጥያቄ ላይ ያስፈልገናል።

እንዲህ ያለ ገደል አፍ ላይ ለምን ተሠራ?

ኑኖ እዚያ ይሁን ስላለ። ቦታው ከሸለቆው ማዶ ካለው ከንጉሡ ግንብ ጋር ትይዩ ነው፤ ንጉሡ በአንዱ ኮረብታ፣ አበጋዙ በሌላው። መልእክቱ ለማንም ግልጽ ነበር።

መሬቱ ግን አልተመቸም። መቅደሱ ያለበት የምሥራቁ ጫፍ ወደ ሮሲዮ የሚንሸራተት ልል አፈር ላይ ስለሆነ መሠረቱ ሁለት ጊዜ ተናደ። ሦስተኛ ከተናደ በነሐስ አስመሠርተዋለሁ ብሎ ኑኖ ማለ ይባላል። ነሐስ አላስፈለገም፤ በጎን በኩል ግድግዳውን ደግፈው የሚይዙ ወፋፍራም የድንጋይ ድጋፎች ተሠሩለት። ዛሬም ከሮሲዮ በኩል ሲያዩት ከሕንፃው ይልቅ ቀድመው ዓይን የሚገቡት እነሱ ናቸው። ሥራው ተጠናቆ ያለቀው ኑኖ በመነኮሰበት ዓመት ግድም፣ በ1423 ነው።

በ1755 ምን ሆነ?

ኅዳር መባቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ በካቶሊኮች ዘንድ የቅዱሳን ሁሉ በዓል የሚከበርበት ዕለት ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ በሰው፣ መንበሮቹ በሻማ ተሞልተዋል። መሬቱ ለደቂቃዎች ተናወጠ። ከፍርስራሽ አምልጦ ወደ ወንዙ ዳር የሸሸውን ሕዝብ ብዙም ሳይቆይ ከውቅያኖስ የመጣ ማዕበል አገኘው። ከየመንበሩና ከየማድቤቱ የተነሣው እሳት ደግሞ ለቀናት ነደደ። በሊዝበን ብቻ የሞተው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ዛሬ ያሉ ባለሙያዎች መጠኑን በሬክተር ከ8.5 እስከ 9 ይገምቱታል።

የካርሞ ጣሪያ ለቅዳሴ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ወረደ። መናወጡ ያስቀረውን እሳቱ ጨረሰው፤ 5 ሺህ ያህል መጻሕፍት ነበሩበት የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ዐመድ ሆነ። የተረፉት መነኮሳት ገዳሙን ትተው ወጡ። ከከተማ ውጭ ስለነበር የተረፈው ንጉሥ ዦዜ እንኳ ከዚያ በኋላ በድንጋይ ቤት ማደር ፈርቶ አጁዳ በሚባለው ኮረብታ በእንጨት በተሠራ ቤተ መንግሥት ኖረ።

በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ጥቅምት 23 ቀን 1748 ነው፤ የጊዮርጊስ ቀን። ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ካረፉ ወራት ብቻ አልፈው ነበር፤ ሕፃኑ ኢዮአስ ነግሠው ሥልጣኑ በእቴጌ ምንትዋብ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ለምን አልተጠገነም?

መጠገን ተጀምሮ ነበር። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ይህን ነው። መነኮሳቱ ገና በማግስቱ ዓመት፣ በ1756፣ ሥራ ጀመሩ። ግን ጊዜው ከተማ በሙሉ እንደ አዲስ የሚሠራበት ነው። መንግሥቱን በእጁ ያስገባው ሚኒስትር፣ ኋላ ፖምባል የተባለው፣ ከኮረብታው በታች ያለውን ሜዳ አስጠርጎ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ውስጣቸው በእንጨት የተጠላለፈ፣ መናወጥን የሚቋቋሙ ቤቶች እያሠራ ነበር። ድንጋይ ጠራቢና አናጺ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ገዳሙ በሚያገኘው ገንዘብ ቀስ እያለ ቀጠለ።

በ1834 ቆመ። ፖርቱጋል ውስጥ በወንድማማች ነገሥታት መካከል የነበረው የርስ በርስ ጦርነት በለዘብተኞቹ ወገን ድል ሲያልቅ፣ አዲሱ መንግሥት የወንዶች ገዳማትን በሙሉ በሕግ ዘጋ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። መነኮሳቱ ተበተኑ። የገዳሙ ክፍሎች ለወታደር ተሰጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ለጊዜው የእንጨት መሰንጠቂያ እስከመሆን ደረሰ። ስለዚህ «ርዕደ መሬቱ እንደተወው የቀረ» የሚለው የአስጎብኚዎች አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ጣሪያውን የጣለው መናወጡ ነው፤ እንዳይመለስ ያደረገው ግን ፖለቲካና ገንዘብ ነው።

ታዲያ ሆን ተብሎ ለመታሰቢያ ነው የቀረው ማለት ስሕተት ነው?

ስሕተት ሳይሆን ዘግይቶ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመላው አውሮፓ የፍርስራሽ ፍቅር ነግሦ ነበር፤ ሠዓሊውም ባለ ቅኔውም ሣር የበቀለበት ግድግዳ ይወዳል። ካርሞን ጨርሶ መሥራት ይቻል ነበር። እንደዚሁ ይሻላል ተባለና ተተወ።

ሕንፃውን ያዳነው ፖሲዶኒዮ ዳ ሲልቫ የሚባል አርክቴክት ያቋቋመው የአርክቴክቶችና የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ማኅበር ነው። በ1864 ቦታውን ተረክቦ ሙዚየም አደረገው። ዓላማው ቀላል ነበር፦ ገዳማት ሲዘጉ በየአገሩ ተጥለው የነበሩትን የመቃብር ድንጋዮች፣ ሐውልቶችና ጽሑፎች መሰብሰብ። ፍርስራሹ የሌሎች ፍርስራሾች መጠለያ ሆነ ማለት ነው። እኔን ከጎቲኩ ውበት ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

እዚያ የማየው ሁሉ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው?

አይደለም። ፎቶ የሚነሡትን ሰዎች ግን ይህን ማሳመን ከባድ ነው።

ዋናው አዳራሽ መሃል ቆመው ወደ ላይ ይመልከቱ። ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶ ሰማዩን የሚሻገሩ ሹል ቀጫጭን ቅስቶች ያያሉ፤ በየፎቶው ላይ የሚወጡት እነሱ ናቸው። እነዚህ ቅስቶችና የተሸከሟቸው ምሰሶዎች በአብዛኛው ከ1756 በኋላ የቆሙ ናቸው። መነኮሳቱ የድሮውን መልክ ለመመለስ ስለፈለጉ፣ ጎቲክ ከፋሽን በወጣበት ዘመን ጎቲክ አሠሩ። እናም እነዚያ ቅስቶች ጣሪያ የወደቀባቸው አይደሉም። ጣሪያ ሊሸከሙ ቆመው ጣሪያው ሳይመጣላቸው የቀሩ ናቸው።

የድሮውን ማየት የሚፈልግ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሂድ። አንደኛው የምዕራቡ ዋና በር ነው፤ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ደረጃ ይወርዱለታል። በአንዱ ውስጥ ሌላው እየጠበበ የሚገባ ድርብርብ ቅስት አለው፤ የአምዶቹን ራስ ጠጋ ብለው ካዩ ቅጠልና የሰው ፊት ተቀርጾበታል። ከበሩ በላይ ያለው ክብ መስኮት ተጎድቶ ቀርቷል። ሁለተኛው የምሥራቁ ጫፍ ነው፤ መቅደሱና ግራ ቀኙ ያሉት ጸሎት ቤቶች ከነጣሪያቸው አሉ፤ ባለ ጣሪያው የሙዚየሙ ክፍል የሚገኘውም እዚያው ነው።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። አዳራሹ ውስጥ የቆመው በገመድና በቅጠል ቅርጽ ያጌጠ መስኮት የካርሞ አይደለም፤ ቤሌም በሚባለው የሊዝበን ሰፈር ካለው ከዤሮኒሞስ ገዳም የመጣ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ምን አለ? አስከሬን አለ የሚባለውስ?

ትልቁ ዕቃ የንጉሥ ፈርናንዶ ቀዳማዊ የድንጋይ ሣጥን ነው። ከሳንታሬም የፍራንሲስካውያን ገዳም የመጣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን ጎኖቹ በሙሉ በሥዕል ተፈልፍለዋል። ለኑኖ ጦርነት ምክንያት የሆነው የዚህ ንጉሥ ወንድ ልጅ ሳይተካ መሞት ነበርና፣ ሣጥኑ በኑኖ ቤተ ክርስቲያን መቀመጡ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ያስደስታል።

አስከሬኑም አለ። ሁለት የፔሩ ልጆች ደርቀው፣ ጉልበታቸውን ታቅፈው በመስታወት ውስጥ ይታያሉ፤ አጠገባቸው የግብፅ አስከሬን ከነሣጥኑ አለ። የመጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢዎች እጅ ነው። ከካርሞ ታሪክ ጋር አንዳች ግንኙነት የላቸውም። ሕፃናት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ድንገት ነው ፊት ለፊት የሚያገኟቸው።

የኑኖ መቃብር እዚያው ነው?

ነበር። ያማረው መቃብሩ በ1755 ከጣሪያው ጋር ጠፋ። የተረፈው ዐፅሙ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ቆይቶ ዛሬ ካምፑ ዴ ኦውሪኬ በሚባለው ሰፈር፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በስሙ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ያርፋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1918 ብፁዕ፣ በሚያዝያ 2009 ደግሞ ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች።

አሁን ቅዳሴ ይቀደስበታል?

አይቀደስበትም። ሙዚየም ነው፤ ገብቶ መጸለይ ግን የሚከለክል የለም።

ከመከራ ተርፎ አገልግሎቱን የቀጠለ ማየት ከፈለጉ ከኮረብታው ወርደው ሮሲዮ አጠገብ ወዳለው ሳዎ ዶሚንጎስ ይግቡ። እሱም በ1755 ተጎድቶ ነበር፤ ታድሶ ሳለ በ1959 ተቃጠለ። ጣሪያ ተሠራለት፤ የተላጠውና የተሰነጠቀው ምሰሶ ግን እንዳለ ተትቶ ይቀደስበታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱን በአንድ ጠዋት ያላየ ሰው ካርሞን አየሁ ባይል ይሻላል።

እንዴት ነው የሚኬደው?

ከታች ከተማ በ1902 በተከፈተው በሳንታ ዡስታ የብረት አሳንሰር መውጣት ይቻላል፤ ከላይ ያለው መሸጋገሪያ እስከ ካርሞ ደጅ ያደርሳል። ሰልፉ ከረዘመ ወይም አሳንሰሩ ካልሠራ ከሮሲዮ በእግር ነው፤ ዳገቱ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ነውና ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ አያድርጉ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ሙዚየሙ እሑድ ዝግ ነው፤ ሰዓቱና ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከመሄድዎ በፊት ያረጋግጡ።

የ1974ቱ አብዮት እዚህ ነው የተደረገው የሚባለው ምንድን ነው?

አብዮቱ የተጠናቀቀው እዚህ ነው። ከፍርስራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የድሮው ገዳም የብሔራዊ ዘቡ ጠቅላይ ሰፈር ነበር፤ አሁንም ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1974 ወጣት መኮንኖች ለ48 ዓመት የቆየውን አምባገነን ሥርዓት ለመጣል ሲነሡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርሴሎ ካኤታኖ እዚያ ተሸሸገ። ካፒቴን ሳልጌይሮ ማያ ከሳንታሬም ይዟቸው በመጣ ብረት ለበሶች አደባባዩን ዘጋ። ሕዝቡ ዛፍ ላይ ሳይቀር ወጥቶ ያይ ነበር። ማያ በድምፅ ማጉያ እጅ ስጡ ቢል መልስ ስላጣ የሕንፃውን ፊት በመትረየስ አስመታ። ካኤታኖ ግን ሥልጣን መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ብሎ ጄኔራል ስፒኖላ ካልመጣ አለ፤ ጄኔራሉ መጣ፤ ማምሻውን እጁን ሰጠ፤ በብረት ለበስ ተጭኖ ወጣ።

የወታደሮቹ ጠመንጃ አፈ ሙዝ ላይ አበባ የተሰካበት ቀን ነው ተብሎ ቢዘከርም፣ በዚያው ዕለት የሥርዓቱ ምስጢራዊ ፖሊስ ከካርሞ ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ አራት ሰው ገድሏል። ቀኑ በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 1966 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የአክሊሉ ካቢኔ ከወደቀ ሁለት ወር ሳይሞላው ማለት ነው። በሊዝበን ላይ የወደቀው ሥርዓት አንጎላን፣ ሞዛምቢክንና ጊኒ ቢሳውን በጦርነት ይዞ ስለነበር አብዮቱን ያዋለዱት የአፍሪካ ነፃነት ታጋዮችም ናቸው። አደባባዩ ላይ ይህን የሚናገር ሰው ብዙም አይሰሙም።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ግን ማጋነን አይገባም። ካርሞ ሙሉ ሆኖ በቆመበት ዘመን ከኢትዮጵያ የተላኩ ሰዎች ሊዝበን ገብተዋል። ንግሥት እሌኒ የላኳቸው ማቴዎስ፣ በትውልድ አርመን የነበሩት፣ በ1514 ደረሱ። ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የተላኩት ጸጋ ዘአብ ደግሞ በ1527 ከፖርቱጋላዊው ቄስ ከፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጋር መጥተው አሥር ዓመት በላይ ፖርቱጋል ውስጥ ቆዩ። ሃይማኖታቸው በካህናት ተመረመረ፣ ቁርባን ተከለከሉ፤ እሳቸውም ስለ ኢትዮጵያ እምነት የጻፉትን ማብራሪያ ዳሚያዎ ዴ ጎይስ የሚባል ሊቅ በ1540 በላቲን አሳተመው። ካርሞ ከከተማው በላይ ጉልህ ሆኖ ይታይ ስለነበር ዓይናቸው አርፎበታል ማለት ይቻላል። ገብተው ጸለዩበት የሚለውን ግን የሚያስረዳ ነገር የለም፤ እንደ እውነት የሚያወራ ካጋጠመዎት ማስረጃ ይጠይቁት።

ሁለተኛው ግንኙነት በሐሳብ ነው፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። የዚህ ገዳም ባለቤት የሆነው ማኅበር የእኛን ዐፄ ካሌብን ከራሱ ቅዱሳን አንዱ አድርጎ ያከብር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካርሞ ሊፈርስ ሃያ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ዦዜ ፔሬራ ዴ ሳንታና የሚባል ካርሜላዊ መነኩሴ ስለ ካሌብና ኢፊጌንያ ስለምትባል የኢትዮጵያ ቅድስት በሁለት ቅጽ ሰፊ መጽሐፍ ጽፎ ከ1735 እስከ 1738 ባሉት ዓመታት ሊዝበን ውስጥ አሳተመ። ካሌብ በዚያ ወግ ኤሌስባዎ ይባላሉ።

ዐፄ ካሌብ በእርግጥ ካርሜላዊ መነኩሴ ነበሩ?

አልነበሩም። ሊሆኑም አይችሉም። ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ናግራን የዘመቱ የአክሱም ንጉሥ ናቸው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው ከእሳቸው ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የእኛ ትውፊት ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው አባ ጰንጠሌዎን ዘንድ መነኮሱ ይላል እንጂ ቀርሜሎስን አያነሣም።

መነኮሳቱ ግን ውሸት እንናገር ብለው አልተነሡም። የኤልያስ ልጆች ነን ካሉ፣ ከኤልያስ እስከ እነሱ ዘመን በምሥራቅ የመነነ ሁሉ በሆነ መንገድ ዘመዳቸው ይሆናል፤ መንግሥቱን ትቶ የመነኮሰ ጥቁር ንጉሥ ደግሞ ለማንም ማኅበር ክብር ነው። ኑኖም ያደረገው ያንኑ ነበርና ነገሩ ለካርሞ ሰዎች እንግዳ አልሆነባቸውም ይሆናል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው። በሐውልትና በሥዕል ካሌብ የካርሜላውያንን ቡናማና ነጭ ልብስ ለብሰው፣ የተሸነፈውን ንጉሥ ረግጠው ጦር ሲደቅኑበት ይታያሉ።

ይህ አምልኮ የጠነከረው በመነኮሳቱ ዘንድ ሳይሆን በባርነት በተጋዙ አፍሪካውያንና በልጆቻቸው ዘንድ ነው። በፖርቱጋልና በብራዚል የጥቁሮች ማኅበራት ሁለቱን ቅዱሳን ጠባቂያቸው አደረጉ፤ በዓላቸውን አከበሩ፣ መዋጮ አዋጥተው አባሎቻቸውን ቀበሩ። ሪዮ ዴ ዣኔሮ ውስጥ በካሌብና በኢፊጌንያ ስም የተሠራ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ፤ ጣሪያውም እንዳለ ነው።